በሰው ጓዝ ውስጥ የደበቅኳቸው ሦስት ጄቶች

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም። ከፍታ እፈራለሁ። ከሱቃችን የላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ማውረድ ሲያስፈልግ በርሜል ላይ የምትወጣው ባለቤቴ ታንጉት ናት። እኔ ከታች ሆኜ በርሜሉን እይዛለሁ፤ እሱንም ዓይኔን ጨፍኜ። እንግዲህ የጦር ጄት ሰብሳቢ የሆንኩት እኔ ይህን የመሰልኩት ሰው ነኝ።

ጄት ስላችሁ እንዳትደነግጡ፤ የደነገጡት ይበቁኛል። የምሰበስበው ሞዴል ነው። ከእውነተኛው ሰባ ሁለት ጊዜ ያነሰ፣ ስንዝር የሚያህል፣ ጎማው የሚሽከረከር፣ የአብራሪው መስኮት የሚከፈት። ፕላስቲክ እንዳይመስላችሁ፤ ብረት ነው። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ሰው ሁሉ ሲያየው «መጫወቻ» ስለሚለኝ ነው። መጫወቻ ልጅ የሚጫወትበት ነው። የእኔን ጄት ልጅ እንዲነካው ፈቅጄ አላውቅም፤ እኔ ራሴ የምነካው እጄን ታጥቤ ነው።

የምንኖረው ወደ ሱዳን ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሸሕዲ ነው፤ ሱቃችን ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ናት። ሳሉግ የምንላቸው የወቅት ሠራተኞች ከወሎም ከጎጃምም ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚረግጡት የእኛን ደጃፍ ነው። ማጭድ፣ ፕላስቲክ ጫማ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሽሮና ምስር እንሸጥላቸዋለን። ወደ እርሻው ይዘውት የማይገቡትን ጓዝ ደግሞ አደራ እንቀበላቸዋለን። ስለ አደራው ኋላ እመጣበታለሁ። ባልመጣበት ደስ ይለኝ ነበር።

በሽታው የያዘኝ መተማ ዮሐንስ ነው። እዚያ ሼህ እንድሪስ የሚባሉ ጅምላ ነጋዴ አሉ፤ ጫማና ባትሪ የምጭነው ከእሳቸው ነው። አንድ ቀን መጋዘናቸው ስገባ ጠረጴዛቸው ላይ ቬንትሌተሩ ወረቀቱን እንዳይበትንባቸው አንድ ግራጫ ነገር ጭነውበታል። ጠጋ ብዬ ሳየው ጄት ነው።

«ሼህ፣ ይህ ከየት መጣ?» አልኳቸው።

«ከሽቶ ካርቶን ውስጥ ተሳስቶ የመጣ የልጅ ዕቃ ነው» አሉኝ።

አነሣሁት። ከበደኝ። የጨረሰኝ ያ ክብደቱ ነው። እንዲህ ትንሽ ሆኖ እንዲህ የሚከብድ ነገር በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። ጫማውን ሳልቆጥር ጄቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወጣሁ። ሼህ እንድሪስ ከኋላዬ በሱዳንኛቸው «ያ ዙል፣ አንተ ሰው፣ ጫማህ!» እያሉ ሲጠሩኝ አልሰማሁም።

በሦስት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ሆኑ። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ስልኬ ላይ ተደፍቼ ስለ እያንዳንዱ አነባለሁ። ያነበብኩትን ደግሞ ለብቻዬ መያዝ አልችልም። ማጭድ ሊገዛ የመጣ ሰው ስለ ሚግ 23 ክንፍ ሳይሰማ አይሸኝም ነበር። «ይህ ክንፉን ወደ ኋላ ያጥፋል፤ ፍጥነት ሲፈልግ ያጥፈዋል፣ ሲያርፍ ይዘረጋዋል» እለዋለሁ። ሰውየው በትዕግሥት ይሰማኝና «ማጭዱስ ሞረድ አለው?» ይለኛል። ቀለሙ የተፋቀበትን ደግሞ በታንጉት የጥፍር ቀለም እነካካው ነበር። አንድ ቀን ለሠርግ ስትዘጋጅ ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ አገኘችው። መደርደሪያውን ቀና ብላ አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። ያን ቀን ዝም አለችኝ።

ዝም ያላለችው በምስሩ ጉዳይ ነው። የቆላን ሙቀት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ ሚያዝያ ላይ የእኛ ሱቅ ውስጥ ሻማ ሳይለኮስ ይጎብጣል። ጄቶቹን የሠራው ሰው ይህን አላሰበበትም። ከክንፋቸው ሥር የተንጠለጠሉት ትንንሽ ሚሳኤሎች የተያዙት በሙጫ ነው፤ ሙጫው ሲሞቅ ይላቀቅና ይወድቃሉ። ከመደርደሪያው ሥር የምስር ጆንያ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። የቀረውን እናንተ ሙሉት።

በጾሙ መካከል የንስሐ አባታችን መምሬ ጥሩነህ ጉንጫቸውን በነጠላ ይዘው መጡ። በሌላ እጃቸው የተቋጠረ መሐረብ ይዘዋል። ባንኮኒው ላይ ፈቱት። አንድ ነጭ ሚሳኤልና አንድ የጥርስ ስባሪ።

«ልጄ፣ ይኸ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ሚሳኤል ነው፣ አባ።»

«ከምስር ጋር ነው እንዴ የሚበቅለው?»

ታንጉት ከጓዳ ወጣች። ለእግዜር ሰው የጥርስ ሕመም ተጠያቂ የሆነ ባል ያላት ሴት ምን እንደምትል ልዘረዝርላችሁ አልችልም፤ እኔም ግማሹን አልሰማሁም። መጨረሻው ግን እንዲህ ሆነ፦ መምሬ መስቀላቸውን አወጡ፤ እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ጄት ወደ ቤቴ እንዳላስገባ ተሳልሜ ቃል ገባሁ። ያሉኝ አሥራ አንዱ ካርቶን ውስጥ ገብተው እላይ ተሰቀሉ። የሰቀለቻቸው ታንጉት ናት፤ እኔ በርሜሉን ይዤ ነበር።

ከአምስት ወር በኋላ ሼህ እንድሪስ ደወሉ። «ያ ዙል፣ ሦስት መጥተውልሃል» አሉኝ።

አሁን ሳስበው እዚያው «ይቅሩ» ማለት ነበረብኝ። ስልኩን ዘግቼ ምስሬን መመዘን ነበረብኝ። እኔ ግን ያን ምሽት ሙሉ ከራሴ ጋር ስከራከር አመሸሁ። ያዘዝኳቸው ቃል ከመግባቴ በፊት ነው። ሼህ እንድሪስ ደክመው አስመጥተው ልተዋቸው? እሱስ ነውር አይደለም? ሰው ለጥፋቱ ምክንያት ሲፈልግ እንዴት ብልህ ይሆናል መሰላችሁ! በማግስቱ መተማ ወርጄ ሦስቱን ይዤ ተመለስኩ።

ችግሩ መደበቂያው ነው። የታንጉትን ዓይን የሚያመልጥ ጥግ በቤታችን የለም። ዱቄት ማስቀመጫውን በየቀኑ ትከፍተዋለች። አልጋ ሥር ትጠርጋለች። ቆርቆሮ ሥር ካደረግኳቸው ሙጫው ይቀልጣል። ስዞር ስዞር ዓይኔ ከጓዳው ጀርባ ባለችው ክፍል ላይ አረፈ፤ የአደራው ክፍል ላይ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ሱቁን የመሠረቱት የታንጉት አባት ናቸው። ከእሳቸው ጀምሮ አደራ በቤታችን አይፈታም። ደረሰኝ የለም፣ ጽሑፍ የለም። ሳሉጉ ጓዙን አስሮ ያመጣል፤ እኛ ግድግዳውን አስደግፈን እናስቀምጣለን፤ ወቅቱ ሲያልቅ መጥቶ ይወስዳል። ውስጡ ምን እንዳለ አይጠየቅም። አይቀመጡበትም፣ ዕቃ አይጭኑበትም። ታንጉት ክፍሉን ስትጠርግ እንኳን መጥረጊያው እንዳይነካቸው ዙሪያቸውን ነው የምትሄደው። ሰዉ ይህን ስለሚያውቅ ከአገሩ ሲነሣ «ሸሕዲ ስትደርስ ጓዝህን እነሱ ዘንድ ተው» ተብሎ ተነግሮት ይመጣል። ከሱቃችን ትልቁ ሀብት ይኸው ነበር። ታዲያ እኔ ምን አሰብኩ? ሚስቴ በዓለም ላይ የማትነካው አንድ ነገር ይህ ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ።

የመረጥኩት የሰይድን ጓዝ ነው። ሰይድ የወሎ ሰው ነው፤ ሠላሳ የሚሆነው፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ ጓዙን እኛ ዘንድ ያስቀመጠ። ያን ዓመት ከአረሙ ባገኘው ከመተማ ገበያ ዕቃ ሲገዛ ሰንብቶ፣ ኮኪት አካባቢ ወዳለ እርሻ ለሰሊጥ አጨዳ ከመግባቱ በፊት ጓዙን አስረክቦን ነበር። ሲያስረክበኝ ልብሱን አራግፎ፣ በሁለት እጁ ነው የሰጠኝ።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ከባድ አደራ ነው። ከአጨዳው ስመለስ ኒካሕ አለኝ» አለኝ።

«አታስብ፣ ሰው አይነካብህም» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ለምን የእሱን መረጥኩ? ጎኑን ስጫነው ለስላሳ ነበር። ጄት ለስላሳ ነገር ይፈልጋል። ታንጉት ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት እሑድ ጠዋት ፈታሁት። ውስጡን አየሁ። አፍሬ ትንሽ ቆምኩ። ግን የቆምኩት ትንሽ ብቻ ነው። ሦስቱን በየተራ ጨርቅ ውስጥ ሸጎጥኩና እንደነበረው አድርጌ አሰርኩት። ሰይድ የሚመለሰው ከስንት ሳምንት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት አወጣቸዋለሁ አልኩ። እስከዚያው እሑድ እሑድ ታንጉት ስትወጣ እየፈታሁ አያቸዋለሁ፣ መስኮታቸውን ከፍቼ እዘጋለሁ፣ መልሼ አስራለሁ። እንዲህ ያለ ደስታ ላይ የነበርኩ ሰው ምን እንደሚጠብቀኝ አላወቅኩም።

ያን ዓመት ሰሊጡ ቶሎ ደረሰ። አንድ ማክሰኞ ማለዳ ዕቃ ልጭን መተማ ዮሐንስ ወረድኩ። ወደ ስድስት ሰዓት ስመለስ ታንጉት ፊቷ በርቷል።

«ሰይድ መጥቶ ነበር» አለች። «ያንተን ፊት ሳላይ አልሄድም ብሎ ሲያቅማማ አውቶቡሱ ሊያመልጠው ሆነ። ዓርብ ነው ኒካሑ፤ በሦስት ቀን ወሎ መግባት አለበት። ጓዙን ሰጥቼ፣ መርቄ ሸኘሁት።»

«ጓዙን... ሰጠሽው?»

«ታዲያ ልከለክለው ነው?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከጻፍኩት ሁሉ በዚህ ነው የማፍረው። መጀመሪያ ያሰብኩት ጄቶቼን ነው። ሰይድ ወሎ ደርሶ ሲፈታው ያገኛቸዋል፣ በስልክ እነግረዋለሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት ይዞልኝ ይመጣል፣ እስከዚያ ቀለማቸው ይፋቅ ይሆን? ይህን ነው ያሰብኩት። በመንገዱ ላይ ኬላ እንዳለ፣ በኬላው ላይ ጓዝ እንደሚፈተሽ፣ በዚህ ዘመን ደግሞ በሰው ጓዝ ውስጥ የጦር ጄት መገኘት ምን እንደሚመስል ጭራሽ ትዝ አላለኝም።

ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ከጎን ካለው ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ ሚኒባስ ነጂው ጌታቸው ከጎንደር መስመር ገባ። ላቡን እየጠረገ «ኬላው ላይ አንድ ሰው ተይዟል፤ ጓዙ ውስጥ ሦስት የጦር አውሮፕላን ተገኘ» አለ።

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ሻይ ቤቱ ግን ነገሩን ተቀብሎ ወዲያው ማሳደግ ጀመረ። አንዱ «አውሮፕላኖቹ ወደቁ እንዴ?» አለ። ሌላው «ተይዞ ነው የሚልህ» አለው። ሁለተኛው ሻይ ሳይቀዳ ተይዞ የነበረው ሰው አብራሪ ሆነ። ከኮኪት የመጣ አንድ የትራክተር ነጂ፣ እሱ ጋ የደረሰው ወሬ «አብራሪው ወሎዬ ነው» የሚል መሆኑን ነገረን። «ሦስት አውሮፕላን ብቻውን እንዴት አበረረ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ታውቃለህ፤ ምን ዓይነት ቢሆኑ ነው?» አሉኝ።

አሁን «የእኔ ናቸው» ብዬ ብነሣ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩት። እኔ ግን ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «እንግዲህ» አልኩ፣ «በዚህ አካባቢ ሊሆን የሚችለው...» ብዬ ጀመርኩ። ስለ ሞተር ብዛት ተናገርኩ። ስለ ክንፍ ተናገርኩ። አንዱ ወረቀት ሰጠኝና ሣልኩላቸው። ሰይድ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ስለ እኔ ዕቃ መልስ ሲጠየቅ እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሻይ እየተጋበዝኩ ሥዕል ሳልኩ። ስቀው ይለቁታል እያልኩ ነበር። ማን ብረት አሻንጉሊት ይዞ ይታሰራል እያልኩ ነበር። ራሴ «አሻንጉሊት» ብዬ ስጠራቸው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ጌታቸው የእጅ ባትሪ ሊገዛ ወደ ሱቃችን ሲሄድ ተከትዬው ገባሁ። ለታንጉት ቀሪውን ነገራት።

«ልጁ ግን ሞኝ ነው መሰለኝ» አለ። «ጠባቂዎቹ ሊረዱት ፈልገዋል። ‹ምናልባት ሌላ ሰው ከቶብህ ይሆናል፤ ጓዝህ የት ነበር?› ይሉታል። እሱ ደግሞ ‹ሸሕዲ አደራ አስቀምጬው ነበር፤ እነ ጋሼ ቤት አደራ አይፈታም፤ እዚያ አልገባም› እያለ ይምላል። ‹ታዲያ አንተ ነህ የከተትከው?› ሲሉት ‹እኔም አይደለሁም፤ እነሱም አይደሉም› ይላል። ከዚህ በላይ ምን ያድርጉት?»

ታንጉት ዓይኗ እንባ ሞላ። «አየህ?» አለችኝ። «በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሆኖ እንኳን ስማችንን በክፉ አላነሣም። አባቴ ይህን ቢሰማ!» ደስ ብሏት ነበር። ኮርታብን ነበር። ጌታቸው እስኪወጣ ጠብቄ ነገርኳት።

ምስር ጆንያው ላይ ተቀመጠች።

«ፈታኸው?» አለች።

«አዎ።»

«ስንት ጊዜ?»

አንዴ ልላት ነበር። አፌ ግን «እሑድ እሑድ» አለ።

አልጮኸችም። ያን ዕለት ብትጮኽ ኖሮ ዛሬ ያን ያህል ባልከበደኝ። ተነሥታ ክፍሉ ውስጥ ገባች፤ የቀሩትን የሰው ጓዞች አንድ በአንድ እያየች ቆመች። «እነዚህንስ?» አለች። «አልነካሁም» አልኳት። እንድታምነኝ ምንም ምክንያት አልነበራትም። የዚያን ቀን ወደ ኬላው የሚመለስ መኪና ስለሌለ በማግስቱ ማለዳ ተነሣን።

ያገኘነው ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ ነው። ጋቢና ለአንድ ሰው ብቻ ቦታ ነበረው፤ ታንጉት ገባች። እኔ ጆንያው ላይ። መኪናው በዞረ ቁጥር እኔ ብቻዬን ወደ ሌላ አገር የምበር እየመሰለኝ፣ ገመዱን በሁለት እጄ ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሁለት ሰዓት ተጓዝኩ። ለአሥራ አራት ጄት ባለቤት የሚገባው ጉዞ ነበር።

ኬላው አንድ ቆርቆሮ ቤትና አንድ ዳስ ነው። ዳሱ ሥር ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ሦስቱ ጄቶቼ በሰልፍ ቆመዋል። ዙሪያቸውን ጠባቂዎች ከበዋል፤ አንዱ ጎማውን እያሽከረከረ ነበር። ኃላፊው ሽበት የጣለ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። «የእኔ ናቸው» አልኩ።

«የእርስዎ ለመሆናቸው ምን ማስረጃ አለ?» አለኝ።

ማስረጃ! ለዚህ ጥያቄ ሦስት ዓመት ሙሉ ስዘጋጅ የኖርኩ ነው የሚመስለኝ። እያንዳንዳቸውን በስማቸው ጠራኋቸው። ፍጥነታቸውን፣ የሚወጡበትን ከፍታ፣ የሞተራቸውን ኃይል ነገርኩት። ከአንዱ ጄት ግራ ክንፍ ሥር አንድ ሚሳኤል እንደጎደለ፣ ሳይቆጥር፣ አስቀድሜ ነገርኩት። በተናገርኩ ቁጥር የኃላፊው ፊት እየተለወጠ መጣ።

«ይኸኛው ስንት ቦምብ ይይዛል?» አለኝ።

«እንደ ተልእኮው ነው» አልኩት።

«እንደ... ተልእኮው» አለና ጻፈው። ሁለቱ ጠባቂዎች ወደ እኔ ተጠጉ። ሰይድን ላስፈታ መጥቼ በገዛ እውቀቴ ልታሰር ጫፍ ላይ ደረስኩ።

ታንጉት ገባችበት። «ጌታዬ፣ ይኸ ሰው በርሜል ላይ እንኳን መውጣት የማይችል ሰው ነው» አለች። «ከእኔ ደብቆ ነው። እንዳያመጣ ቃል ገብቶ፣ አምጥቶ፣ ከሰው አደራ ውስጥ ደበቀብኝ። ነገሩ ይኸው ነው።»

ኃላፊው እኔን አየኝ። «እውነት ነው?» አለ።

«ከሚስቴ ደብቄ ነው» አልኩ።

ኬላው ሳቀ። ሲፈተሽ የቆመ አውቶቡስ ነበር፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ እንባውን እየጠረገ ሳቀና «ያን ሰው አምጡት» አለ። ሰይድ ከቆርቆሮ ቤቱ ጥላ ወጣ። ጓዙን አቅፏል። ልብሱ አቧራ ነበር፤ እኛን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ጋሼ! እትዬ ታንጉት! ስለኔ ለፍታችሁ መጣችሁ?» አለ።

ኃላፊው «በል ሂድ፣ ባለቤቱ ተገኝቷል፤ እሳቸው ናቸው የከተቱት» አለው።

ሰይድ ወደ እኔ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። «አይ ጋሼ» አለ። ከዚያ ለኃላፊው፣ «እንዳታምኗቸው ጌታየ። እኔን ለማስፈታት በራሳቸው ላይ እየጫኑ ነው። ደግ ሰው ናቸው፤ ወላሂ ደግ ሰው ናቸው። አደራ ፈትተው አያውቁም።»

«ፈትቻለሁ፣ ሰይድ» አልኩ።

«አብሽሩ ጋሼ፤ ለኔ ብለው ስምዎን አያጥፉ። አላህ ያውጣኝ፣ ይተውት።»

ሳቁ ቆመ። ኃላፊው ግራ ገባው፤ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ያያል። ሰይድ ካላመነኝ እኔን የሚያምንበት ምክንያት የለውም። የነበረኝ ማስረጃ አንድ ብቻ ነው። ጓዙ እንደታሰረ መናገር ጀመርኩ።

«ሙሽራዋ የምትለብሰው ቀይ የሱዳን ቶብ አለ፤ ዳር ዳሩ ወርቃማ» አልኩ። ሰይድ ፈገግ እንዳለ ነው። «ሁለት ጠርሙስ ሽቶ አለ፤ በካልሲ ተጠቅልሏል። ለአማችህ ነጭ ጀላቢያ አለ።» ፈገግታው ቀነሰ። «ይህንን ትናንት ሲፈትሹ ያየ ሰው ነግሯቸው ይሆናል» አለ ቀስ ብሎ። «ጫማ አለ» አልኩ፣ «የሴት፤ ቡናማ። በቀኙ ጫማ ውስጥ፣ እታች፣ የክብሪት ቀፎ አለ። ቀፎው ውስጥ አንድ ክር አለ። በእግሯ ልክ የተቆረጠ።»

ጠባቂዎቹ ያን ቀፎ አልከፈቱትም ነበር። ሰይድ ያን ክር ለማንም አላሳየም ነበር፤ ኋላ ለታንጉት እንደነገራት ልጅቷ ራሷ እግሯን ለክታ፣ ከቤተሰቧ ተደብቃ የሰጠችው ነው። ጓዙን ከእቅፉ አውርዶ መሬት ላይ አኖረው። ከዚያ ፈታው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዕቃውን አንድ በአንድ እያወጣ አየ፣ እየመለሰ ከተተ። አልቸኮለም። ሦስት ዓመት ጓዙን ከእኔ ሲቀበል ፈትቶ አይቶ አያውቅም ነበር። መልሶ አሰረና ቆመ።

ኃላፊው ወደ ጎንደር የሚሄድ መኪና አስቆመለት። ሰይድ ታንጉትን ጉንጯን ስሞ «ደህና ሁኑ፣ እትዬ» አላት። እኔን አላየኝም። አልሰደበኝምም። ሦስቱ ጄቶች በፌስታል ተሰጡኝ፤ አንዱ ጠባቂ «መልካም በረራ» አለኝ።

ያን ዓርብ አልደረሰም። መንገዱ ሦስት ቀን ሙሉ ይፈልግ ነበር፤ እሱ ደግሞ አንዱን ቀን እኔ ዘንድ ትቶታል። በልጅቷ ቤት ደግሱ ተበልቶ እንግዳው ተበተነ። አባቷ «የተከበረ ሰው በቀጠሮው ይደርሳል» ብለው አመረሩ። ሽማግሌ ተመላለሰ። በስንት ልመና፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኒካሑ ታሰረ። ይህን ለታንጉት ደውሎ ነገራት። ስልኩን ቀምቼ «ይቅር በለኝ» አልኩት። «አውፍ ብያለሁ ጋሼ» አለኝ። ወዲያው ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ ወይም ዘጋው።

መምሬ ጥሩነህ ስግደት ሰጡኝ። በዚህ ሙቀት ስግደት ምን እንደሆነ ለእሳቸው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጥርሳቸውን እያሳዩ ነው የሰጡኝ። ታንጉት ግን የራሷን ቅጣት ጨመረች። ሦስቱን ጄቶች አውጥታ ባንኮኒው ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት ደረደረቻቸው። አደራ ሊያስቀምጥ የመጣ ሳሉግ ሁሉ መጀመሪያ የእነሱን ታሪክ ከእሷ አፍ ይሰማል፤ አንድም ነገር አታስቀርለትም። «ከዚህ በኋላ ጓዝህን እኛ ዘንድ ትተው እንደሆነ አንተ ታውቃለህ» ትለዋለች። ግማሹ ይስቅና ይተወዋል። ግማሹ ይስቅና ይዞት ይሄዳል። እኔ ያን ጊዜ ማጭድ ስቆጥር ነው የምገኘው።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ፣ ለአረም ሲወርዱ፣ ሰይድ መጣ። ወፍራም ጓዝ በገመድ ትከሻው ላይ አንግቶ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ሳቁ ያው ነው። ታንጉትን ስሞ፣ እኔንም በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ሚስቱ ደህና መሆኗን፣ እርጉዝ መሆኗን ነገረን። ማጭድና ፕላስቲክ ጫማ ገዛ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ኮኪት ድረስ በጭነት መኪና ላይ ነው የሚሄደው፤ ከዚያ ወዲያ በጭቃው በእግር ነው።

ታንጉት ወደ ጓዳ ገባች። ሆን ብላ እንደገባች አውቃለሁ። እጄን ዘረጋሁ።

«ሰይድ፣ ጓዝህ እንዳይበሰብስብህ» አልኩት።

ጓዙን አየ፣ እኔን አየ። እንዳላዝን ፈልጎ ነበር፤ ከፊቱ ያስታውቃል።

«አይከብደኝም፣ ጋሼ» አለኝ።

ገመዱ ትከሻውን ሠርጉዶት ነበር። በአንድ እጁ አቃንቶት ወጣና በዝናቡ ውስጥ ወደ መናኸሪያው ተሻገረ። ጭነት መኪናው ላይ ሲወጣ እንኳን አላወረደውም።